ስለ አሮጌ የገጠር መኪናዎች ቅባትና አጠባበቅ

(በማኅበራችን የንግግር ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግር አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ቆመው ሲስቁ ከኋላቸው ሆኜ ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚሁ መድረክ ላይ አንድ ወንድማችን ስለ አገር ዕድገት እጅግ ያማረ ንግግር ካደረገ በኋላ፣ በዚህ ሳምንት ስለ ግራሶና ስለ ተቃጠለ ዘይት መስማት ከሰገነት ወደ ምድር ቤት የመውረድ ያህል መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። እኔም አልቃወማቸውም፤ በእውነትም የዛሬው ነገር የሚገኘው ከመኪና ሥር በጀርባ ተኝቶ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አድምጣችሁኝ ከጨረሳችሁ በኋላ ሳቁ።

የተወለድሁትና ያደግሁት በወገዳ ነው። ወገዳ ስል የስማዳን ከተማ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ጠቅልዬ መጥራቴ ነው። አገሩን ያላያችሁ እንደሆነ እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት፤ ከላይ ቁመቱ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ተቀምጧል፤ ከታች የዓባይና የበሽሎ በረሃ ይጠብቃል፤ በመካከል ያለው ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት ነው። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም፤ ከፍታዋ 3 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንድ መኪና በማለዳ ከውርጭ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ ኮት በሚያስወልቅ ቆላ ውስጥ ይገኛል። ሞተሩም ዘይቱም ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይቀምሳሉ።

አገራችን ከባድ መንኮራኩር ካየች ብዙ ዘመን ነው። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሴባስቶፖል የተባለውንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ነበር። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በቤተ ሖርና በጅዳ በኩል መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ሄደው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። ጠንካራ እግረኛ በጥቂት ቀን የሚፈጽመው ጉዞ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኔ ግን የአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር የፊት እግር ፈትቼ እስካይ ድረስ ስለ መድፉ ሠረገላ ዘንግ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰባት ቶን በሚዞር ዘንግ ላይ ሲጫን ፍትጊያ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የመኪና መንገድ ግን ዘግይቶ መጣ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በቻይናዎች ተሠርቶ ያለቀው በደርግ ዘመን ነው። ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ የአገሬ ሽማግሌዎች ግን እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይሉታል። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ቀበሌዎቹ መግባት እንደ ድሮው የጠጠር፣ የጭቃና የወንዝ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ሲጀመርም፣ ክትባት ሲወሰድም፣ ዘር ሲታደልም፣ የፈተና ወረቀት ሲጓጓዝም፣ እዚያ ዘልቀው የሚገቡት በአራቱም እግራቸው የሚጎትቱት አሮጌ መኪናዎች ናቸው።

እነዚህን መኪናዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። ላንድክሩዘር በ40 ቁጥሩ ከ1960 ጀምሮ ተሠራ፤ ዛሬም በየወረዳው የምናየው 70 ቁጥር በ1984 ተከተለው። የሶቪየቱ ዋዝ በደርግ ዘመን በብዛት ገባ፤ የዋዝን ወንበር የሚያስታውስ ጀርባ እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ሦስቱም የሚመሳሰሉበት አንድ ጠባይ አላቸው። አዲሶቹ መኪናዎች ብዙው መጋጠሚያቸው ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል፤ ሲያልቅ ተነቅሎ ይጣላል። አሮጌዎቹ ግን እንደ ወተት ላም ናቸው፤ በቀጠሮ እጅ ይፈልጋሉ። ቀጠሮው የተጠበቀላቸው እንደሆነ ደግሞ ከባለቤታቸው ዕድሜ ይልቅ የእነርሱ ይረዝማል።

ቅባት ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እናቶቻችን እንጀራ ከመጋገራቸው በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ወይም በጉሎ ያስሳሉ። ምጣዱ ለዓይን ልስልስ ቢመስልም በአጉሊ መነጽር ቢታይ እንደ ጋይንት ገደልና ጉብታ ነው። ቅባቱ ገደሉን ይሞላል፤ ጉብታውን ይሸፍናል፤ ሊጡም አይጣበቅም። ብረትም እንዲሁ ነው። ሁለት ብረቶች በደረቁ ሲፋተጉ ጉብታና ጉብታቸው ይነካካል፤ ከግለቱ የተነሣ ይበየዳል፤ መልሶም ይገነጠላል። ዘይት በመካከላቸው ሲገባ ከጸጉር የቀጠነ ምንጣፍ ይዘረጋል። የሞተሩ ዘንግ በፍጥነት ሲዞር ይህን ዘይት ራሱ ከሥሩ እየጎተተ ያስገባና በላዩ ይንሳፈፋል። ስለዚህም ሞተር ከሁሉ ይልቅ የሚበላው ሲሮጥ ሳይሆን ጠዋት ሲነሣ ነው፤ ዘይቱ ሌሊቱን ወደ ታች ወርዶ ስለሚያድር። በነፋስ መውጫ ብርድ ሞተር አስነሥቶ ወዲያው ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር ባሰሳ ምጣድ ላይ ሳይሆን በደረቅ ምጣድ ላይ ሊጥ እያፈሰሰ ነው።

ጉሎን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ካስትሮል የሚባለው የዘይት ስም እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ጉሎ በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ስም ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ብዙዎቹ የአውሮፕላን ሞተሮች የሚለሰልሱት በጉሎ ዘይት ነበር። ነገር ግን ከዚህ ተነሥታችሁ ከጓዳ የተገኘ ቅባት ሁሉ ለመኪና ይሆናል እንዳትሉ። የኑግ ዘይት ለበር ቁልፍ ሲቀባ ለሳምንት ያህል ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ያወፍረውና እንደ ሙጫ ይይዛል። ቅቤም ሲቆይ ይሻግትና አሲድ አውጥቶ ናሱን ይበላል። ሁለቱንም ሲደረግ አይቻለሁ፤ አንዱን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልግባ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት የሾፌር ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መናገር አያስፈልግም። መኪናው በዕድሜ የሚበልጠኝ ላንድክሩዘር ነበር። ሾፌሩን «ጋሼ» እያልሁ እጠራቸው ነበር፤ ሌላ ስማቸውን እዚህ አላነሣም። ለነዳጅ በጀት ነበር፤ ለግራሶ ግን በጀት አልነበረም። አንድ ጣሳ ግራሶ ለማስወጣት ሦስት ፊርማ ይጠየቅ ስለነበረ ጋሼ ከደመወዛቸው ይገዙ ነበር። በመኪናው መሳቢያ ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር አስቀምጠው፣ የተሠራው ሁሉ ከነቀኑ እንዲጻፍበትና የሠራው ሰው እንዲፈርምበት አድርገዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የእኔ ሥራ ከመኪናው ሥር ገብቶ ግራሶ መሙላት ነበር።

በአንድ ነሐሴ መኪናው ብዙ ቀን እስከ ጎማው እምብርት ድረስ ውሃ ሲሻገር ሰነበተ። ጋሼ ለቡሄ ወደ ቤተ ሰባቸው ሲሄዱ «ሁለቱንም የፊት እግሮች ፍታ፤ ኩሽኔታውን እጠብ፤ አዲስ ግራሶ ሙላ» ብለው አዘዙኝ። ቀኙን ሠራሁ። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ ግራሶውም ወደ ጣሳው ሥር ደርሶ ነበር። ግራውን ነገ እሠራዋለሁ ብዬ ተውሁት። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። በደብተሩ ላይ ግን «ሁለቱም የፊት እግሮች ተደርገዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ጋሼ ከበዓሉ ሲመለሱ ደብተሩን አነበቡ፤ ደስ አላቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንድናደርስ ተጠራን። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። መንገድ ከጀመርን ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግራ እግር በኩል እንደ እጅ ወፍጮ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ የሚቃጠል ነገር ሸተተ፤ ከዚያም ጎማው ደርቆ ቆመ። አብረዋት የነበሩት ዘመዶቿ ቃሬዛ ሠርተው በትከሻ ተሸከሟት፤ እኔም ተራዬን ተሸከምሁ። አስፋልቱ ላይ ደርሰን ኢሱዙ እስክናገኝ ሦስት ሰዓት ሄድን። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሐኪሞቹ ምጡ ቀድሞም ጠንቶባት እንደነበረ ተናገሩ፤ እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ በማግሥቱ እግሩን ሲፈቱት ከኩሽኔታው ውስጥ የወጣው ግራሶ አልነበረም፤ ቀይ የዝገት ውሃ ነበር። «ደብተሩን አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። አነበቡትና መልሰው ሰጡኝ። ሌላ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን የፊት እግሮችን ራሳቸው ይፈቱ ጀመር። እነሆ ይህን አርእስት የመረጥሁበት ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ስለ ኩሽኔታ፣ ዛሬ ብዙዎች ቤሪንግ ስለሚሉት፣ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። በነገራችን ላይ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ። የቋንቋ መምህሮቻችን ንጹሕ የአማርኛ ቃል ቢያወጡልን ደስ ይለናል፤ እስከዚያው ግን ከመኪና ሥር ሆኖ «ካቻቢቴ» ያላለ ሰው የሚያቀብለው አያገኝም።

የፊት እግር ጤንነት ሳይፈታ የሚታወቅበት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ከጉዞ እንደ ቆማችሁ የእጃችሁን ጀርባ በጎማው እምብርት ላይ አድርጉ። ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ፣ በተለይም የአንዱ እግር ከሌላው በጣም የሚለይ ከሆነ፣ ነገር አለ። ፍሬን ሲያዝበት በኖረ ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ሁሉም ይግላል፤ ምልክቱም ያሳስታል። ሁለተኛው፣ መኪናውን በክሪክ አንሡና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉና ሳቡ፤ ከተንቀጫቀጨ ወይ ላልቷል ወይ ተበልቷል። ሦስተኛውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ አንድ እጅ ባሌስትራው ላይ አድርጎ በሌላው ጎማውን ማዞር ነው። ጆሮ የማይሰማውን ኩርፍታ ባሌስትራው ለመዳፍ ይነግራል። ክሪክ ካልሁ ዘንድ ይህን ልጨምር፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ግንድ ወይም ሰፊ ድንጋይ አስገቡለት።

ሲፈታ ደግሞ አሮጌው ግራሶ በነጭ ጋዝ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። አዲሱን ግራሶ በመዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ወደ መዳፍ እየጫናችሁ በሌላው ወገን ብቅ እስኪል ድረስ ጎስሙት። ከውጭ ብቻ መለቅለቅ በራስ ላይ ቅቤ እንደ መቀባት ነው፤ መልክ ያሳምራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሲገጠም ዳዶው ይጠብቃል፤ ጎማው እየዞረ ጥቂት ይመለሳል፤ ከዚያ መቆለፊያው ቆርቆሮ ይታጠፋል። የጠበቀ ይቃጠላል፤ የላላ ይሰበራል። ይህ ልክ በመጽሐፍ ሊጻፍ ይችላል፤ የሚገባው ግን በእጅ ነው።

ግራሶ ራሱ ምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ በሳሙና የተያዘ ዘይት ነው። ሳሙናው ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቆይቶ ሲጫኑት ይለቀዋል። በካልሲየም ሳሙና የተሠራው ውሃን በደንብ ይቋቋማል፤ ነገር ግን 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ፍሬን አጠገብ ላለ ኩሽኔታ አይሆንም። በሊቲየም ሳሙና የተሠራው እስከ 180 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ ይቆያል። ቀለም ምንም አይነግራችሁም፤ ሰማያዊም ቀይም ቢሆን ፋብሪካው የቀባው ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የማይታወቁ ሁለት ዓይነት ግራሶዎችንም አትቀላቅሉ፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ሳሙናቸው ይፈርስና እንደ ሾርባ ይፈስሳሉ።

ሌላው የወገዳ ጠላት ውሃ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ዳገት ሲወጣ የቆየ መኪና ዲፈረንሻሉ ግሎ፣ በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ባንድ ጊዜ ይጨመታል፤ ሲጨመትም ይስባል። በዲፈረንሻሉ ላይ አንዲት ትንሽ መተንፈሻ አለች፤ እርሷ በጭቃ የተደፈነች እንደሆነ የሚሳበው ከጎማዎቹ በኩል በላስቲኩ ከንፈር ውሃ ነው። ሾፌሩ ወንዙን በሰላም ተሻግሬያለሁ ብሎ ይስቃል፤ ዲፈረንሻሉ ግን ጠጥቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘይቱ የወተት ሻይ መስሎ ይገኛል፤ ከሁለት ወር በኋላ ጥርሱ ይለቀማል።

መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። መተንፈሻዋን በሽቦ ማጽዳት፤ የተቻለ እንደሆነ ጎማ ቱቦ አጥልቆ ወደ ላይ እስከ ኮፈኑ ድረስ ማውጣት። ወንዝ ዳር ደርሶም ወዲያው አለመግባት፤ ጥቂት ማቀዝቀዝ፤ እግረ መንገዱንም ጥልቀቱን በዱላ መለካት። ከተሻገሩም በኋላ መኪናው ሌሊቱን በደልዳላ ቦታ ቆሞ ይደር፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ጠዋት ሞተር ሳይነሣ የታችኛውን ቡሎን ጥቂት ብቻ አላሉ፤ ውሃ ካለ ከዘይቱ ቀድሞ ይንጠባጠባል። ዘይት መምጣት ሲጀምር መልሳችሁ አጥብቁ። ይህ እንኳ ለድንገተኛ ነው፤ የነጣ ዘይት ግን ጨርሶ መለወጥ አለበት።

ዲፈረንሻልና ካምቢዮ ዘይት ስትለውጡ ከሁሉ በፊት የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የታችኛውን ፈትቶ ዘይቱን ያፈስሳል፤ ከዚያ የላይኛው ዝጎ አልፈታም ሲለው ባዶ ዲፈረንሻል ይዞ ከከተማ ርቆ ይቀመጣል። ደግሞም የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ ሽታ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ስለሚጫጫኑ ብረቱን የሚሸፍን የድኝ ቅመም ይጨመርበታል። ይኸው ቅመም በበዛበት ዘይት ውስጥ በአንዳንድ አሮጌ ካምቢዮዎች የሚገኘው ናስ ይበላል። ስለዚህ ለካምቢዮ ጂ ኤል 4፣ ለዲፈረንሻል ጂ ኤል 5 የሚል ጽሕፈት ስታዩ ሁለቱም ያው ነው ብላችሁ አትቀላቅሉ።

ስለ ሞተር ዘይት። ቆርቆሮው ላይ ያለው ኤስ ኤ ኢ 40 ወይም 15 ደብሊው 40 የሚለው ቁጥር የዘይቱን ጥራት አይናገርም፤ ውፍረቱን ነው የሚናገረው። ደብሊው ያለበት በብርድ ቀጥኖ በሙቀት ውፍረቱን የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ከጉና ተነሥቶ በሽሎ ለሚወርድ መኪና ዋጋው ቢበልጥም ይሻላል። ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። በ3 ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ነው። በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ካርቡራቶር ያለው ሞተር የአየሩን መሳሳት አያውቅምና ቤንዚን ያበዛል፤ የተረፈውም ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይቱ መለኪያ ከፍ ብሎ ስታገኙት ዘይት በራሱ በዛ ብላችሁ አትደሰቱ፤ አሽትቱት። የናፍታ ሞተር ዘይት ግን በጥቂት ቀን መጥቆሩ ተፈጥሮው ስለሆነ አትደንግጡ።

መቼ ይለወጥ? መመሪያው በኪሎ ሜትር ይናገራል። የእኛ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ግን ከቆመ ዓመታት ሆኖት ነበር። ጋሼ በበርሜል ይቆጥሩ ነበር። መኪናው በአንድ ሊትር 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ካልን 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል 1,200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁለት በርሜል ተኩል ሲያልቅ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ በዚያ አቧራና ጭቃ ዘይት የሚለውጡት በዚህ ልክ ነበር። እዚህ ገብቼ ትምህርቱን ስማር የእርሳቸው አቆጣጠር ከቆጣሪው የበለጠ ትክክል እንደሆነ ተረዳሁ። በከባዱ ማርሽ ዳገት የሚቧጥጥ ሞተር በአንድ ኪሎ ሜትር በሜዳ ከሚዞረው ብዙ እጥፍ ይዞራል፤ ኪሎ ሜትር ይህን አይቆጥርም፤ የጠጣው ነዳጅ ግን ይቆጥራል።

ስለ አየር ማጣሪያ አንድ ቃል። በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች አየሩ በዘይት ገንዳ ላይ አልፎ ነው የሚገባው። በየካቲትና በመጋቢት አቧራ ገንዳው በሳምንት ውስጥ ከሥሩ ጭቃ ያቁራል። ያ ጭቃ ወደ ሞተር ሊገባ የነበረው አፈር ነው። ጠርጋችሁ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉበት።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ፋንታ የጨመረ ሰው አይቻለሁ፤ የፍሬኑ ላስቲክ አብጦ ከቤቱ አልመለስም አለ። የፍሬን ዘይት ከሌላው ዘይት ሁሉ የተለየ ፈሳሽ ነው፤ ከአየር ውስጥም እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ፍሬን ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ወደ ዓባይ በሚወርድ መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም። የተከፈተ ቆርቆሮ ለከርሞ አታስቀምጡ።

በግራሶ ፓምፕ የሚሞሉት የካርዳኖ መስቀሎች፣ የባሌስትራ መያዣዎችና የመሪ መጋጠሚያዎች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ለሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ኒፕሉን በጨርቅ ሳትጠርጉ ፓምፑን አትሰኩ፤ አለዚያ በኒፕሉ አፍ ላይ ያለውን አሸዋ ራሳችሁ ወደ ውስጥ ትነዱታላችሁ። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ግፉ። በካርዳኖው ተንሸራታች ክፍል ላይ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ ጢም አድርጎ የተሞላ እንደሆነ ዘንጉ ማጠር ሲያስፈልገው የሚገባበት ያጣና ካምቢዮውን ይገፋል። በባሌስትራው ቅጠሎች ላይ የተቃጠለ ዘይት የማፍሰስ ልማድ አለ፤ እኔ አልደግፈውም። ለጥቂት ቀን ጩኸቱን ያበርዳል፤ ከዚያ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይሆናል። ይህን በተመለከተ ብዙ ሾፌሮች ከእኔ ጋር እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

የተለወጠውን ዘይት ወንዝ ዳር አትድፉት፤ ከታች ሰውም ከብትም ይጠጣል። በጄሪካን ይጠራቀም። ምስጥ ለሚበላው የአጥር ቋሚ የሚፈልገው ገበሬ አይጠፋም፤ ከምንጭ የራቀ አጥር እንዲሆን ብቻ ንገሩት። ባዶውን የዘይት ቆርቆሮ ግን ሳትበሱ አትጣሉ። አሮጌ ዘይት አጣርቶ መልሶ አሽጎ የሚሸጥ ሰው በገበያ ላይ አጋጥሞኛል፤ የሚሞላውም እኛ በጣልነው ቆርቆሮ ነው።

አንድ ወንድማችን ንግግሩ ሳይጀመር «ይህ ሁሉ የመካኒክ ሥራ ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ከመካከላችን ሐኪም፣ የእርሻ ባለሙያ፣ መምህር፣ ዳኛ ሆኖ ወደ ወረዳ የሚሄድ ሁሉ በእንዲህ ያለ መኪና ይሄዳል፤ ጥቂቶቻችንም የመኪናውን በጀት ፈራሚዎች እንሆናለን። ያን ጊዜ ከነዳጁ መስመር ሥር የግራሶ መስመር መኖሩን ተመልከቱ፤ ሾፌሩንም ደብተር ይዞ እንደሆነ ጠይቁት። ከተቻለም ራሳችሁ እጃችሁን በጎማው እምብርት ላይ አድርጉ፤ የተፈረመው ሁሉ የተሠራ አይደለምና።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ከሥራ የተገለለ ላንድሮቨር ለልምምድ እንድንፈታው ፈቅደውልናል። ቅዳሜ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ከወርክሾፑ በስተ ኋላ እንገናኛለን። መጀመሪያ የምንፈታው የግራውን የፊት እግር ነው። ነጭ ጋዝና ግራሶ ማኅበሩ ያቀርባል፤ አሮጌ ልብስና ጨርቅ ከእናንተ ነው። እኅቶቻችን ደግሞ እንዲመጡ በተለይ እለምናለሁ፤ ማሰሻ ይዞ ማሰስ የለመደ እጅ ከእኛ ቀድሞ ይገባዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ጋሼም አንድ ቀን ይህንኑ ብለውኛል።